የዳለቻ አላቢ

ኦቦ ቀጄላ በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤታቸው ሲወጡ ሐሳባቸው አጭር ነበር፤ ወተቱን ለመኪናው አስረክቦ፣ ለላሚቱ የምትልሰው ጥቂት ቦሌ፣ ያንን ጨዋማ አፈር፣ ሸምቶ፣ ብርዱ ሳይጠና መመለስ። ከሰው ጋር መከራከር፣ ይልቁንም ተከራክሮ መረታት፣ በሐሳባቸው ጥግ እንኳ አልነበረም። ክርክር ቢያሰኛቸውማ ጎረቤታቸው ኩምሳ አለላቸው። ኩምሳ ከጎህ እስከ ምሽት ሲሟገት ውሎ አንድም ቀን ማንንም አሳምኖ ስለማያውቅ፣ ከሱ ጋር የተከራከረ ሁሉ ሐሳቡን ሳይለውጥ በሰላም ቤቱ ይገባል።

ሱሉልታን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ቁልቁል ሲወርድ ግራና ቀኝ የሚዘረጋውን ሜዳ ያስብ። ክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ጥቅምት ላይ ሣሩ ጉልበት ይደርሳል፤ ኅዳር ላይ ታጭዶ የድርቆሽ ክምር ይሆናል። ብርዱ ክፉ ነው፤ ሣሩ ግን ለላም የተባረከ ነው። በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ የነኦቦ ቀጄላ መንደር የምትኖረው በወተት ነበር። ቀድሞ ሴቶቹ ቅቤያቸውን ተሸክመው ዳገቱን እየቧጠጡ አዲስ አበባ ይወርዱ ነበር። ኋላ ግን የወተት መኪና መምጣት ጀመረና በባሕር ዛፎቹ ሥር ቆሞ የየቤቱን ወተት ይሰበስብ ጀመር። መንደሯም ከመኪናው ጋር ትንሽ ቀና አለች፤ ጣራውን በቆርቆሮ የለወጠ ተገኘ፣ ልጁን ትምህርት ቤት የላከም ተገኘ።

አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። ወንዱ ሣር ያጭዳል፣ ድርቆሽ ይከምራል፣ ከብት ያግዳል፣ ወተቱንም ተሸክሞ መኪናው ዘንድ ያደርሳል። ከላም ጡት ሥር ግን አይቀመጥም። ማለብ የሴት ነው። ወንድ የተቀመጠ እንደሆነ ላሚቱ ትነጥፋለች ይባላል፤ ላሚቱ እንኳ ባትነጥፍ የሰውየው ክብር መንጠፉ አይቀርም፣ በየሠርጉ ይዘፈንበታል። በዚህ ምክንያት ሚስቱ የታመመችበት ወንድ እህቱን ይጠራል፤ እህት የሌለው የጎረቤት ሴት ይለምናል። ሚስቱ የሞተችበት ደግሞ ሴት ልጁን ከትምህርት ቤት ያስቀራል። ኦቦ ቀጄላም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

የዚያን ቀን የመኪናው ሠራተኛ የኦቦ ቀጄላን ወተት በነጭ ጨርቅ አጥልሎ ጨርቁን አየና አንገቱን ነቀነቀ።

«ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን መቀበል አልችልም፤ እበት አለበት።»

«ምን አለበት?»

«ይኸው ይዩት። ባለፈውም ሳምንት ነግሬዎት ነበር፤ ከአላቢዋ ልብስ ላይ የሚረግፍ ነገር ይመስላል።»

ኦቦ ቀጄላ ጨርቁን አዩት። ከዚያ በኋላ ማንንም አላዩም። ኩምሳ ግን ከኋላቸው ሆኖ፣ «እንግዲህ ላሚቱ እበቱን ከወተቱ ጋር በነፃ እየጨመረች ከሆነ መመስገን አለባት!» አለና የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ አሳቀ። ኦቦ ቀጄላ ጣሳቸውን አንስተው፣ ቦሌውንም ረስተው፣ ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ።

በዚያው ስፍራ የአዲስ አበባ አውቶቡስ የሚጠብቅ አንድ ወጣት ነበር። ስሙ አትክልት ይባላል፤ የሰፈሩ ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ትውልዱ ከወደ መንዝ ሲሆን ሱሉልታ ከመጣ ጀምሮ ኦሮምኛውን እየሰባበረ የሚናገር፣ ሰዉም በዚያ የሚወደው ሰው ነበር። አውቶቡሱ ከሩቅ አቧራውን እያስነሣ ሲመጣ ታየ። መምህሩ አውቶቡሱን አየ፤ የኦቦ ቀጄላንም የጎበጠ ጀርባ አየ። አውቶቡስ ነገም አለ ብሎ ሰውየውን ተከተለ።

«አካም ኦልተን፣ ኦቦ ቀጄላ!»

«ነጋ፣ መምህር፣ ነጋ። እርስዎም አዩ አይደል ጉዴን?»

«ጉድ አይደለም ኦቦ፤ ያጋጥማል። ጣሳውን ልያዝልዎት።»

«ይተዉት፣ የተመለሰ ወተት ይከብዳል።» ጎን ለጎን ሄዱ። «ለመሆኑ አውቶቡሱን ለምን ተዉት?»

«እውነቱን ልንገርዎት? ስለ ልጅዎ ስለ ያለምወርቅ ላነጋግርዎት ከፈለግሁ ቆየሁ። እርስዎ ደግሞ ባገኙኝ ቁጥር መንገድ ይቀይራሉ። ዛሬ ጣሳ ይዘዋል፤ መሮጥ አይችሉም።»

ኦቦ ቀጄላ ሳያስቡት ፈገግ አሉ። መምህሩ ያቺን ፈገግታ ሳታመልጠው ቀጠለ።

«ልጅቷ ከክፍሏ አንደኛ ነበረች። እኛ ጋ ከአራተኛ ክፍል በላይ የለም፤ እሷ ግን ያንን ጨርሳለች። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ እህትዎ ወይዘሮ ማሪቱ አሉ። ትምህርት ቤቱ ከሳቸው ቤት በእግር የሚደረስ ነው። ዲሬክተሩንም አነጋግሬአለሁ፤ ይቀበሏታል። የቀረው የእርስዎ እሺታ ብቻ ነው።»

«እሺ ማለቱ ለኔም ደስ ባለኝ ነበር፣ መምህር። ግን ቤቴ ሴት የለበትም። ባለቤቴ ተረፈች ከሞተች ወዲህ ያለችኝ ሴት እሷ ብቻ ናት። እሷ ከሄደች ላሚቱን ዳለቻን ማን ያልባታል?»

«እርስዎ።»

ኦቦ ቀጄላ ቆሙ። መምህሩ እንደ ቀለደ ሊያዩ ፊቱን መረመሩት፤ አልቀለደም።

«እኔ ወንድ ነኝ እኮ!»

«እሱን ማን ካደ? ወንድ ያለባት ላም ትነጥፋለች ብለው ያምናሉ?»

«አባቴ የነገሩኝ ነው።»

«ነጥፋ ያዩት ላም አለ?»

«ማን ደፍሮ አልቦ!» አሉ ኦቦ ቀጄላ። ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ግን መልሱ ራሳቸውን ያዘና ጥቂት አሳሰባቸው። መምህሩም ይህን አይቶ ነገሩን ለስለስ አደረገው።

«ኦቦ፣ እኔ ይህን የምለው መጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። እናቴ ሴት ልጅ አልወለደችም። እጇን ባመማት ጊዜ የማልብላት እኔ ነበርኩ። አጎቶቼ ሳቁብኝ፤ ላሚቱ ግን አልሳቀችም፣ አልነጠፈችምም። ሳቁም ወተቱ ሲጠጣ አለቀ። አሁን የኦቦ ኩምሳን ላም ያስቡ። ባለቤታቸው ለለቅሶ ዘመድ ጋ ሄደው ወንዝ ሞልቶባቸው በቀሩ ጊዜ፣ ኦቦ ኩምሳ ከማልብ ብሞት ይሻለኛል ብለው ላሚቱ ግቷ አብጦ ስትጮህ ሰንብታለች። ዛሬ በአንድ ጎኗ ወተት የላትም።»

«ኩምሳ በዓይን ነው የታመመችብኝ ይላል።»

«ያልታለበ ወተት ግት ውስጥ ሲከርም ይመረቅዛል። የባዕድ ዓይን አይደለም የጎዳት፤ ባለቤቷ ሰው ምን ይለኛል ማለቱ ነው የጎዳት። እንግዲህ እስቲ ይፍረዱ፤ የቱ ነው የሚያሳፍረው? የገዛ ላምን ማለብ ነው ወይስ ማበላሸት?»

ኦቦ ቀጄላ የተረታ ሽማግሌ የሚያደርገውን አደረጉ፤ ወደ ሌላ በር ዞሩ።

«ይሁን፤ እኔ ልለብ ብል እንኳ ዳለቻ ወተቷን አትለቅልኝም። እሷ ተረፈችን ነው የለመደችው። ተረፈች በሞተች ሰሞን የመንደሩ ሴት ሁሉ ሞከረቻት፤ እየረገጠች አባረረቻቸው። በመጨረሻ ያለምወርቅ የእናቷን ቀሚስ ለብሳ ብትጠጋት ጊዜ ዝም አለች። ጠረኑን ነው የምታውቀው። ይኸው እስከ ዛሬ በዚያ ቀሚስ ነው የምታልባት።»

«ቀሚሱ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ታጥቧል?»

«እንዴት ይታጠባል? ከታጠበ ጠረኗ ይጠፋል!»

«እንግዲያው ከወተቱ የተገኘው እበት ከየት እንደመጣ ዛሬ አወቅን» አለ መምህሩ በቀስታ። «በየቀኑ ጋጣ ውስጥ የሚለበስ፣ የሙት ዓመት እስኪወጣ ያልታጠበ ልብስ! ያንን ወተት የከተማ ሕፃን ይጠጣዋል፣ ኦቦ። ሠራተኛው ቢመልሰው እውነት አለው። ላም ደግሞ ሰው የሚያስበውን ያህል ግትር አይደለችም፤ ዛሬ የሚያልባትን ሰው ድምፅና እጅ ቀስ እያለች ትለምዳለች። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቆጡኝ። ያ ጠረን እንዳይጠፋ የሚፈለገው ለላሚቱ ነው ወይስ ለእርስዎ?»

ኦቦ ቀጄላ ተቆጡ። ፊታቸው ቅጭም አለ፤ ጣሳውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። እንዲህ ያለውን ነገር ከወንድማቸው እንኳ አይታገሡም ነበር። ግን ደጃቸው ደርሰዋል፤ ደጅ የደረሰን እንግዳ እርጎ ሳያቀምሱ መመለስ ደግሞ በዚያ አገር ከማለብም የከፋ ነውር ነው።

«ይግቡ» አሉት ባጭሩ። «ከብቶቹም መግባታቸው ነው።»

የመንደሯ ላሞች በዚያ ሰዓት ከሜዳው እየተመለሱ ነበር። በየደጁ ሴቶች ግሬራቸውን፣ ያንን የሚታለብበትን ዕቃ፣ በወይራ ጭስ አጥነው ይዘው ወጥተዋል። እያንዳንዷ ላሟን በስሟ ትጠራለች፤ ላሞቹም ከመንጋው እየተነጠሉ ወደየቤታቸው ይገባሉ። ኦቦ ቀጄላ ይህን ሰዓት ከቀኑ ሁሉ አብልጠው ይወዱታል፣ ይፈሩታልም። ድሮ ከነዚያ ድምፆች አንዱ የተረፈች ነበር።

መምህሩ በጋጣው ደጃፍ አንድ ጥጃ ቆሞ ያየ መሰለው። ቀረብ ሲል ግን ጥጃ አልነበረም። ቆዳ ነው፤ ጭድ ተጠቅጥቆበት፣ ሆዱ በልጥ ተሰፍቶ፣ በአራት እንጨት የቆመ።

«ጥጃዋ በታኅሣሥ ብርድ ሞተ» አሉ ኦቦ ቀጄላ። «ላም ያለ ጥጃዋ ወተት አትሰጥም። ስለዚህ ቆዳውን ገፈን ጭድ እንሞላለን። ትልሰዋለች፤ ጥጃዬ ነው ብላ ወተቷን ትለቃለች። አያቶቻችን ያመጡት ብልሃት ነው።»

«ብልሃት ነው» አለ መምህሩ።

ያለምወርቅ ከቤት ወጣች። የእናቷን ቀሚስ ለብሳለች፤ ረዝሟት ወገቧ ላይ ሰብስባ በመቀነት አስራዋለች። ገና ልጅ ናት። መምህሩን ስታይ ደነገጠች፤ ለመሸሽም ለመቅረብም አልሆነላትም። ከዚያ ቀርባ እጅ ነሣችና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

«አደግሽ፣ ያለምወርቅ» አላት።

«አዎ፣ የኔታ።»

«የሰጠሁሽን መጽሐፍ ታነቢዋለሽ?»

«እሱን ጨርሼው ደጋግሜዋለሁ፤ ሌላ የለኝም» አለችና እንደ ጥፋት አፏን በእጇ ያዘች። አባቷን በዓይኗ ገረፍ አድርጋ ወደ ላሚቱ ሄደች።

ኦቦ ቀጄላም፣ እንደየዕለቱ ልማዳቸው፣ ድርቆሽ የሚያነሡ መስለው ከጋጣው ግድግዳ በስተጀርባ ዞሩ። እዚያ አንድ የለመዱት ስፍራ አለ፤ ጭቃው ረግፎ ማገሩ የሚታይበት። ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ከዚያ ይሰማሉ። ልጅቷ ዳለቻን የምትጠራት እናቷ ትጠራት በነበረበት ድምፅ ነው። «ኮቱ ዳለቻ ኮ፣ ኮቱ» ትላታለች፤ ነይ የኔ ዳለቻ፣ ነይ። ከዚያ ወተቱ ግሬራው ውስጥ ሹር ሹር ማለት ሲጀምር ታንጎራጉራለች። ዓይን ተጨፍኖ ሲሰማ ተረፈች አልሞተችም። ጋጣው ውስጥ ቁጭ ብላለች፤ አልባ ስትጨርስ ወጥታ፣ «ቀጄላ፣ ዛሬ ዳለቻ ለጋስ ሆናለች» ልትላቸው ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው መስለው የሚውሉት ይህችን ሰዓት እየጠበቁ ነበር።

የዚያን ዕለት ግን ዓይናቸው አልጨፈን አለ። የመምህሩ ጥያቄ ጆሯቸው ውስጥ ተቀምጧል። በማገሩ ቀዳዳ አሻግረው አዩ። ዳለቻ አንገቷን አዘንብላ የጭዱን ጥጃ ግንባሩን ትልሳለች፣ ጆሮውን ትልሳለች፤ ጆሮው ከመላስ ብዛት ፀጉሩ አልቋል። ስትልስ ከጉሮሮዋ እምም የሚል ድምፅ ይወጣል። ከሥሯ ደግሞ ልጃቸው፣ አራተኛ ክፍልን አንደኛ የወጣችው ልጃቸው፣ የሰው ቀሚስ ለብሳ በሰው ድምፅ ታንጎራጉራለች።

ኦቦ ቀጄላ ሚስታቸው ከተቀበረች ወዲህ ያላነቡትን እንባ እዚያው አነቡት። ነገሩ እንደ እሳት ግልጽ ሆኖ ታያቸው። ላሚቱ እንኳ የምታሳዝን እንስሳ ናት፤ የምትልሰው ጭድ እንደሆነ የሚነግራት የለም። እሳቸው ግን ያውቁ ነበር። እያወቁ፣ ሕያው ልጃቸውን በሞተች እናቷ ቀሚስ ውስጥ አስገብተው አቁመዋታል።

ፊታቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ወደ ጋጣው ደጃፍ ተመለሱ። መምህሩ ከመቀመጫው ተነሣላቸው።

«መምህር፣ የጠየቁኝን ልመልስልዎት» አሉ። «ቀሚሱ ለኔ ነው። ላሚቱ ሰበብ ናት። ዳለቻ በጭድ ጥጃ ትታለላለች፤ እኔም እንደሷው እየተታለልኩ ነው፣ ያውም ቆዳውን ራሴ ሰፍቼ። ማታ ማታ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ቆሜ ተረፈችን እሰማለሁ። የምሰማው ግን ልጄን ነው።»

ወተቱ ሹር ማለቱን አቆመ። ያለምወርቅ ከላሚቱ ሥር ቀና ሳትል ተናገረች።

«አውቅ ነበር፣ አባባ።»

«ምን ታውቂ ነበር?»

«እዚያ እንደሚቆሙ። የጋቢዎ ጥለት በቀዳዳው ይታየኛል። ስለዚህ ነው እንደ እማዬ የማንጎራጉረው። እኔ እንኳ ዜማው ጠፍቶብኛል፤ ግማሹን ከራሴ ነው የምጨምረው። ዝም ካልኩ ቶሎ ይሄዳሉ፤ ካንጎራጎርኩ ግን ይቆያሉ። ይቆዩ ብዬ ነው። ትምህርት ቤት ልሂድ ያላልኩዎትም ለዚሁ ነው።»

እዚህ ላይ ተራኪው የራሱን ጣልቃ ቢያስገባ አንባቢ ይቅር ይበለው። ስለ ሴቶች ልጆች ትምህርት ብዙ ተብሏል፤ ወደፊትም ይባላል። ሴት ልጅ ብትማር ምን ይጠቅማል ብለው የሚከራከሩ አዋቂዎችም አሉ። ለመሆኑ እነዚህ ልጆች በየጓዳው ዝም ብለው የሚሸከሙትን ያውቁታል? የእናት ሥራ ብቻ አይደለም የሚጫንባቸው። የአባት ሐዘን፣ የቤት ሐዘን፣ አዋቂው ሊሸከመው ያቃተው ሁሉ ትከሻቸው ላይ ይደረጋል። ከዚያ ደግሞ ጨዋ ልጅ ተብለው ይመሰገናሉ። ይህ ምስጋና ይቅርባቸው።

ኦቦ ቀጄላ ወደ መምህሩ ዞሩ።

«አንድ ነገር እፈራለሁ» አሉት። «ከተማ የገባች ልጅ አትመለስም። እናቷን አጣሁ፤ እሷን ደግሞ በገዛ እጄ ልስደድ?»

«አልዋሽዎትም ኦቦ፤ ተምራ ሌላ አገር ትሠራ ይሆናል፣ እዚሁ ትመለስም ይሆናል። ይህን እኔ አላውቅም። የማውቀው እዚህ ብትቀር ምን እንደምትሆን ነው። ላም እያለበች ታድጋለች፣ ከዚያ የሌላ ሰው ላም ልታልብ ትዳራለች። ያን ጊዜም ከእርስዎ ቤት መሄዷ አይቀርም፤ ዳለቻንም ያን ጊዜ ማን እንደሚያልብ ማሰብዎ አይቀርም። ታዲያ መሄዷ ካልቀረ፣ ዓይኗ በርቶ ብትሄድ አይሻልም?»

ኦቦ ቀጄላ ጋቢያቸውን አውልቀው ማገሩ ላይ ሰቀሉት። የሸሚዛቸውን እጅጌ ጠቀለሉ።

«ተነሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሏት ልጃቸውን። «ተነሽና አሳዪኝ።»

መጀመሪያ መምህሩ ሊያሳያቸው ሞከረ። በልጅነቱ አልብ ነበር ያለው ውሸት ባይሆንም ብዙ ዘመን አልፎታል፤ ዳለቻ አንዴ ዞር ብላ አየችውና በጅራቷ ፊቱን አበሰችለት፤ ከዚያም ግሬራውን በእግሯ ገለበጠችበት። ያለምወርቅ ከእናቷ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብላ ሳቀች። ከዚያ አባቷን ለብ ባለ ውኃ እጃቸውን አስታጠበች፣ የላሚቱንም ጡት አጥባ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀች። «አይጎትቱት፣ አባባ። ከላይ ጨበጥ አድርገው ወደ ታች ይጨምቁ፤ እያወሯት» አለቻቸው። ኦቦ ቀጄላ ምን እንደሚያወሯት ስላላወቁ ስለ ቦሌ አወሯት፤ ሊገዙላት ሄደው በንዴት እንደረሱት፣ ሰኞ እንደሚያመጡላት። ዳለቻ ጆሮዋን ቀጥ አድርጋ ሰማች። ወተት ግን አልለቀቀችም።

አልለቀቀችም፤ በማግሥቱም ሲበዛ አንድ ስኒ ያህል ብቻ ሰጠች። በዚያ ሳምንት ኦቦ ቀጄላ ላባቸው ጠብ እስኪል ለፉ፤ ክንዳቸው ዛለ፣ ጭናቸው በርግጫ ጠቆረ። ሲጨርሱ የቀረውን ያለምወርቅ ታልባለች፤ በራሷ ቀሚስ። የተረፈችን ቀሚስ ግን እሁድ ጠዋት ራሳቸው ወንዝ ወስደው፣ ሴቶቹ እያዩአቸው፣ በእንዶድ አጠቡት። ውኃው ጠቁሮ ሲሄድ እያዩ፣ «በቃሽ፣ እፎይ በይ» አሉ፤ ለማን እንዳሉት የሰማቸው ሰው አላወቀም። የጭዱንም ጥጃ አፈረሱት። በምትኩ ዳለቻ ስትታለብ በርከት ያለ አጓትና ድርቆሽ እንዲቀርብላት አደረጉ፤ ይህንንም መምህሩ ነው የመከራቸው። አንድ ቀን ማታ፣ ስለ ጎርፍና ስለ አጨዳ ሲያወሯት፣ ወተቷ ሳይታሰብ ወረደ፤ ግሬራው ሞልቶ ሌላ ዕቃ ተፈለገ።

ከዚያም ወዲያ የወተቱ መኪና ሲመጣ ኦቦ ቀጄላ ጣሳቸውን ይዘው ተሰለፉ። ሠራተኛው አጠለለና ጨርቁን አየ። ነጭ ነው። ገልብጦም አየው።

«ኦቦ፣ ይህ የሰሞኑ ወተት አይመስልም። አላቢ ቀየሩ እንዴ?»

«ቀይሬአለሁ።»

«ሴት አገቡ?» አለ ኩምሳ ከኋላ፣ ደስታው ከድምፁ እየተሰማ። «ማን ናት? ማን ናት አላቢዋ?»

ኦቦ ቀጄላ ዞሩ። መንደሩ በሙሉ ቆሟል። ከዚያች ቀን በፊት ቢሆን ምድር ብትውጣቸው ይወዱ ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እኔ አልቤዋለሁ።»

ሳቅ ሆነ። ኩምሳማ ሆዱን ይዞ ቁጭ አለ። አንዱ፣ «ነገ ደግሞ ቅቤ ሊንጡልን ነው!» አለ። ኦቦ ቀጄላ ሳቁ እስኪያልቅ ታገሡ፤ ከዚያ እንዲህ አሉ።

«ልጄ ሰኞ ሽሮ ሜዳ ትገባለች፤ አምስተኛ ክፍል። እኔ ስላለብኩ ነው መሄድ የቻለችው። ወተቴም ዛሬ አልተመለሰም። ከናንተ ውስጥ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ላም የሚያሳልብ ካለ ይሳቅ፤ የሳቀው ግን በማን ላይ እንደሆነ ቤቱ ገብቶ ያስበው።»

ሳቁ ቀዝቀዝ አለ። ሠራተኛው ወተቱን በርሜሉ ውስጥ ገለበጠው።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ኩምሳ አመሻሽ ላይ በጓሮ በኩል ዞሮ መጣ። ስለ ዝናብ አወራ፣ ስለ ድርቆሽ ዋጋ አወራ፣ በመንግሥትና በአየሩ ላይም ጥቂት ተሟገተ። በመጨረሻ ዓይኑን ሌላ ቦታ ጥሎ፣ ሚስቱ ልትወልድ እንደተቃረበች፣ እህቱም እንደማትመጣ ተናገረ። ኦቦ ቀጄላ እጁን የሚታጠብበትን ለብ ያለ ውኃ አቀረቡለት።

አንባቢ ጥቅሙን በግልጽ ንገረን ቢል እንንገረው። ከኩምሳ ቀጥሎ ሌሎቹም ወንዶች ማለብ ከተማሩ ወዲህ በዚያች መንደር አላቢዋ ሩቅ ሄዳለች ተብሎ ግቷ የሚመረቅዝ ላም ጠፋ። እጅና ጡት መታጠብ፣ ለማለብ ንጹሕ ልብስ መልበስ ልማድ ሆነ፤ መኪናው የሚመልሰውም ወተት አነሰ። አራስ ሴት በአራስ ቤቷ አረፈች እንጂ ሕፃኗን አስቀምጣ ጋጣ አልወረደችም። ከሁሉ በላይ ደግሞ በመምህር አትክልት ክፍል የፊተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ሴቶች ልጆች በዙ። መምህሩም ወንበር አነሰኝ ብሎ ለዲሬክተሩ አቤት እስከማለት ደረሰ። እንዲህ ያለ አቤቱታ ለአገር የሚያስደስት ነው።

ይህ ሁሉ ኦቦ ቀጄላን ናፍቆት ለቀቃቸው ማለት አይደለም። የማይሆን ነገር መጻፍ አይገባም። ጋጣቸው ጸጥ ብሏል፤ ማታ ከማገሩ ጀርባ የሚሰማ ድምፅ የለም፤ የሚያልቡት እሳቸው፣ የሚያወሩትም እሳቸው ናቸው። አንዳንድ ቀን ወተቱን አስረክበው ወደ ቤት አይመለሱም፤ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀምጠው ከእንጦጦ የሚወርደውን መንገድ ያያሉ።

አንድ ቅዳሜ ኩምሳ እዚያ ተቀምጠው አገኛቸውና አጠገባቸው ተቀመጠ። ለወጉ እንኳ አልተሟገተም።

«ልጅዎ ናፈቀችዎት?»

«ናፈቀችኝ እንጂ፣ ኩምሳ። በጣም ናፈቀችኝ።»

«ታዲያ ምን ተሻለ? ይኸው አንዱን ናፍቆት በሌላ ናፍቆት ለወጡት።»

ኦቦ ቀጄላ ወደ ዳገቱ አሻግረው አዩ። ከእንጦጦ ላይ አውቶቡስ እየወረደ ነበር፤ እሷ የተሳፈረችበት ይሁን አይሁን ገና አይታወቅም።

«ልክ ነህ፣ ለወጥኩት» አሉ። «የእናቷ ናፍቆት ግን መንገድ የለውም። ይህኛው መንገድ አለው።»